የድሮ የእንግሊዝ ፒፓ አሰባሰብ፦ ማህተሙን፣ እንጨቱንና ደረጃውን ማንበብ

አንድ የድሮ የእንግሊዝ ፒፓ እጅ ሲገባ ዓይን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ወዙ ነው። ወዝ ግን በአንድ ሰዓት ውልወላ ይመጣል። መጀመሪያ መታየት ያለበት አንገቱ ላይ የተመታው ማህተም ነው። ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ ሠሪው ራሱ ከየትኛው እርከን መደበው ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ ያለው እዚያች የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ነው። ጀማሪ ገንዘቡን የሚያባክነው አብዛኛውን ጊዜ ሐሰተኛ ፒፓ ገዝቶ አይደለም፤ እውነተኛውን ገዝቶ ማህተሙን በሌላ ቤት ቋንቋ ስለሚያነበው ነው። የእንግሊዝ ፒፓ ቤቶች አንድ የጋራ የደረጃ መሰላል ኖሯቸው አያውቅም። አንዱ በስም ይመድባል፣ ሌላው በነጥብ፣ ሌላው በፊደል። አንዱ ቤት መጠንን የሚገልጽበት ምልክት ሌላው ቤት የእንጨቱን ውበት የሚገልጽበት ሊሆን ይችላል።

ለመግባባት ያህል የክፍሎቹን ስም እናስቀምጥ። ትንባሆ የሚሞላበት ክፍል ራስ ነው፤ የራሱ የላይ ጠርዝ ከንፈር ይባላል። ከራሱ የሚወጣው የእንጨት ቱቦ አንገት ነው፤ አፍ ውስጥ የሚገባው ጥቁሩ ክፍል መምጠጫ። በመምጠጫው ጫፍ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ወንዴ፣ አንገቱ ውስጥ የምትገባበትን ቀዳዳ ሴቴ እንላለን። ጥርስ የሚያርፍበት የመምጠጫው ጫፍ ደግሞ ንክሻ ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፦ 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ሚሊሜትር የሚለካ ካሊፐርና አንድ እሽግ የፒፓ መጥረጊያ ሽቦ። ማህተም ሲነበብ ባትሪው ፊት ለፊት አይበራም። ብርሃኑ ከጎን ተጋድሞ፣ እንጨቱን እየዳሰሰ እንዲያልፍ ይደረጋል። ፊት ለፊት ሲበራ የጠፋ የሚመስል ፊደል በጎን ብርሃን ጥላ ሠርቶ ብቅ ይላል።

ደረጃ ከየት ይመጣል

እንጨቱ ብራየር ይባላል። በሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ፣ በአማርኛ አስታ የምንለው ተክል፣ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ ከመሬት ሥር የሚያበቅለው ዕጢ ነው። ወደ ለንደን ፋብሪካዎች ይመጣ የነበረው ከሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በተለይ ከአልጄሪያ፣ ከኮርሲካ፣ ከካላብሪያና ከግሪክ ነው። ዕጢው ይቆረጣል፣ ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፣ ከዚያም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይደርቃል።

ይህ ዕጢ አፈር ውስጥ ሲያድግ አሸዋና ጠጠር ስለሚውጥ ውስጡ ጉድጓድና ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ከውጭ ግን አይታይም፤ ጉዱ የሚገለጠው ሠራተኛው ጥርቡን ማሽን ላይ አስሮ ቅርጽ ሲያወጣለት ነው። ስለዚህ ደረጃ ማለት ፒፓው ቅርጽ ከያዘ በኋላ፣ ሠሪው በእጁ አገላብጦ አይቶ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ንጹህ ሆኖ የወጣው ለስልሶ በፈዘዘ ቀለም ይጨረሳል፤ ጥቃቅን ነጥብ ያለበት ጠቆር ያለ ቀለም ይቀባል። ጎኑ ላይ ጉድጓድ የወጣበት በአሸዋ ይነፋል፤ በግፊት የሚወረወረው አሸዋ ለስላሳውን እንጨት በልቶ ጠንካራውን ቀለበት ሲያስቀር ጉድጓዱም አብሮ ይጠፋል። (በአሸዋ የተነፋ ሁሉ እንከኑን የሸሸገ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ለአሸዋው ተብለው የተመረጡ ጥርቦች አሉ።) ጉድጓዱ በስቱኮ የተሞላውን ደግሞ ታላላቆቹ ቤቶች በዋና ስማቸው አይሸጡትም፤ ሌላ ስም አውጥተው እንደ ሁለተኛ ዕቃ ይለቁታል።

የእንጨቱን መስመር ለማንበብ ፒፓውን በዝግታ ሙሉ ዙር ያዙሩት። ከሁሉ የሚወደደው ከራሱ ሥር ተነስቶ እስከ ከንፈሩ ሳይቆራረጥ፣ በዙሪያው ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ነው። መስመሩ በጎን ቀጥ ካለ ከንፈሩና የራሱ ታች የወፍ ዓይን የሚባለውን ጥቃቅን ነጠብጣብ ማሳየት አለባቸው፤ አንዱ ያው መስመር ከጫፉ ሲታይ ነውና። በግራ ጎን ድንቅ ሆኖ በቀኝ ጎን መስመሩ የሚጠፋ ፒፓ ብዙ ነው፤ ሻጭም ፎቶ የሚያነሳው ግራውን ነው። ፈዛዛ ቀለም ያለው ለስላሳ ፒፓ ምንም መደበቂያ ስለሌለው፣ ያለ አንድ ነጥብ ስቱኮ ከተገኘ ሠሪው በእንጨቱ ተማምኗል ማለት ነው። ስቱኮ በማጉያ ሲታይ መስመሩ ድንገት የሚቋረጥበት፣ ከዙሪያው ይልቅ ድፍን ያለና ወዝ የማይቀበል ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

መስመሩ ቀጥ ማለቱ ጭሱን አያጣፍጠውም። ደረጃ የዓይን ጉዳይ ነው። ጭሱን የሚወስነው የእንጨቱ አደራረቅና የቀዳዳው አቦረባበር ነው።

ዳንሂል፦ ቀለሙ ደረጃ አይደለም

አልፍሬድ ዳንሂል በለንደን ዱክ ጎዳና ሱቁን የከፈተው በ1907 እ.ኤ.አ. ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የራሱን ፒፓ መሥራት የጀመረው በ1910 ነው። መምጠጫው ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ የመጣችው ለጌጥ አልነበረም። ቀጥ ያለ ፒፓ መምጠጫው ወጥቶ ሲመለስ የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሚሆን ለገዢ እንድታመለክት ነበር። በኋላ የቤቱ መለያ ሆነች። ነጭ ነጥብ ያደረጉ ሌሎች ፒፓዎች ስላሉ፣ አንገቱ ላይ የሚደግፋት ማህተም ከሌለ ነጥቧ ብቻዋን ምንም አታረጋግጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብሩየር፣ ሼል፣ ሩት ብራየር፣ ታንሼል የሚሉት ስሞች የአጨራረስ ስሞች እንጂ የደረጃ ስሞች አይደሉም። ብሩየር ጠይም ቀይ ቀለም ያለው ለስላሳ ነው፣ የመጀመሪያውም እሱ ነው። ሼል ከ1917 ጀምሮ የመጣው፣ ጥቁርና ጠይም ቀይ ቀለም የተቀባ፣ በአሸዋ የተነፋ ነው። ሩት ብራየር በ1931 የመጣ፣ መስመሩን የሚያሳይ ቡናማ ለስላሳ ነው። ታንሼል በ1952 የመጣ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ በአሸዋ የተነፋ። በዳንሂል ቤት ለእንጨት ውበት እውነተኛ መሰላል የተሠራለት ዲአር ተብሎ የሚመታው ቀጥተኛ መስመር ያለው ፒፓ ነው። ከዲአር ቀጥሎ ፊደል ይመጣል፤ ኤ ታችኛው ነው፣ ፊደሉ በእንግሊዝኛው ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው ይወጣል። በኋለኛው ዘመን ፊደሉ በኮከብ ተተክቷል።

አንድ ፒፓ ቀረብ አድርገን እንይ። ሼል ነው፤ በአሸዋ በተነፋ ፒፓ ላይ ማህተሙ የሚመታው ሳይነፋ በለሰለሰው የአንገት ታች ነው። ከራሱ አቅጣጫ ሲነበብ፦ «ኤልቢ ኤፍ/ቲ»፣ ቀጥሎ «ዳንሂል ሼል ብራየር»፣ ቀጥሎ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ 12»፣ በመጨረሻ በክብ ውስጥ 4 ቁጥር፣ አጠገቡ ኤስ ፊደል። ኤልቢ የቅርጹ መለያ ነው፤ ወፈር ያለ ቀጥ ያለ ቢሊያርድ (ራሱ ቀጥ ብሎ የቆመ የተለመደ የፒፓ ቅርጽ)። ኤፍ/ቲ መምጠጫው ወደ ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት የሚሰፋ መሆኑን ይናገራል። በክብ ውስጥ ያለው 4 መጠን ነው፤ ከ1 እስከ 6 ይሄዳል፤ 6 ትልቁ ነው እንጂ ምርጡ አይደለም። ኤስ ሼል ማለት ነው (ኤ ለብሩየር፣ አር ለሩት ብራየር፣ ቲ ለታንሼል)። 12 ደግሞ ዓመቱ ነው፦ በ1960 ላይ 12 ሲደመር 1972። በዚሁ ስሌት 11 ቁጥር 1971፣ 20 ቁጥር 1980 ይሆናል።

አንድ አኃዝ ብቻ ሲገኝ ነገሩ ይከብዳል፤ ያው 4 ቁጥር 1924ም፣ 1944ም፣ 1954ም፣ 1964ም ሊሆን ይችላልና። ያን ጊዜ ሁለት ምስክሮች ይጠራሉ። የፓተንት ቁጥር አብሮ ከተመታ ፒፓው ከ1950ዎቹ አጋማሽ አያልፍም። በክብ ውስጥ የመጠን ቁጥር ካለ ደግሞ ከ1950 አካባቢ ወዲህ ነው። ክቡ ኖሮ ፓተንቱ ከሌለ የሚቀረው የ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወይም 1960ዎቹ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ የተመታው ለሰብሳቢ ታስቦ አልነበረም፤ ፒፓው የ12 ወር ዋስትና ስለነበረው ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ ለማወቅ ነበር።

በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቅርጹ ራሱ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ሆነ። 4103 ቢል የመጀመሪያው 4 መጠኑ ነው፣ ሁለተኛው የመምጠጫው ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ 03 ቢሊያርድ መሆኑ።

ስለ ሼል አንድ ነገር ልብ ይሏል። የቀደሙት ዘመናት ሼል ከለስላሳው የአልጄሪያ ብራየር ስለተሠራ አሸዋው በጥልቅ በልቶታል፤ ሸንተረሩ በጣት ሲዳሰስ ይሰማል፣ ቅርጹም አልፎ አልፎ ወጣ ገባ ይላል። የኋለኞቹ ዝግ ያሉና ጥልቀት የሌላቸው ናቸው። ተመሳሳይ ማህተም፣ ተመሳሳይ መጠን ኖሯቸው የሁለቱ ተፈላጊነት የሚራራቀው በዚህ ነው።

ለዳንሂል ደረጃ ያልበቃው እንጨት መውጫ የነበረው ፓርከር ነው፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ እህት ቤት፣ መለያው በዳይመንድ ቅርጽ ውስጥ ያለ ፒ ፊደል። ፓርከርን እንደ ተራ ሁለተኛ ዕቃ የሚያልፉት ሰዎች ይሳሳታሉ። እንጨቱ በትንሽ ነጥብ ምክንያት የተገፋ፣ አሠራሩ ግን የሠለጠነ ፒፓ በቅናሽ የሚገኘው እዚያ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም።

ኮሞይስ፣ ሳሲየኒ እና ሌሎቹ

የኮሞይ ቤተሰብ ሥር ፈረንሳይ፣ ሴን ክሎድ ነው፤ አንሪ ኮሞይ ወደ ለንደን የተሻገረው በ1879 ነው። የኮሞይስ ደረጃ በስም ይነበባል። ጫፉ ላይ ብሉ ሪባንድ አለ፤ ከሥሩ ስፔሲመን ስትሬት ግሬን፤ ከዚያ ቀደም ሲል ፕሪማ ይባል የነበረው ሰሌክትድ ስትሬት ግሬን። የመጨረሻው ስሙ ቀጥተኛ መስመር ቢልም መስመሩ በዙሪያው ሁሉ ቀጥ ላይል ይችላል፤ ስሙን አምኖ ፎቶ ሳይጠይቁ መክፈል የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ወደ መሃል ሲወረድ ኦልድ ብሩየር፣ ትራዲሽን፣ ጎልደን ግሬን፣ ግራንድ ስላም ይመጣሉ። ግራንድ ስላም በውስጡ የብረት ማጣሪያና የቆዳ ቀለበት ነበረው፤ ዛሬ ቆዳው አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ወድቋል፣ ያ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ኤክስትራኦርዲኔር የሚለው ቃል ብቻውን ደረጃ አይደለም፤ በመጠኑ ወይም በመስመሩ ለየት ያለ ነው የሚል ተጨማሪ ማህተም ነው። ጊልድሆል (መምጠጫው ላይ ሦስት የብረት ሰረዞች ያሉት) እና ኤቭሪማን የሁለተኛ ዕቃ ስሞች ናቸው።

የኮሞይስን ዘመን ለመገመት መምጠጫው ላይ ያለውን የሲ ፊደል በማጉያ ይዩ። በጥሩው ዘመን ፊደሉ ከሦስት ቁራጭ የተገጠመ ነበር። ቀዳዳ ተከፍቶ ነጭ ክብ ይገባል፤ የነጩ መሃል ተቦርቡሮ ጥቁር ይገባል፤ ከዚያ በጎኑ ሌላ ቀዳዳ ተከፍቶ በጥቁር ሲሞላ ክቡ ይከፈትና ፊደሉ ይወለዳል። በ10 እጥፍ ማጉያ የሦስቱ ስፌት ይታያል። ኋላ ፊደሉ አንድ ቁራጭ ሆነ፣ ከዚያም በላዩ የታተመ። አንገቱ ላይ ያለው የሀገር ማህተምም ይረዳል፦ እንደ ራግቢ ኳስ ሞላላ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ይገኛል፤ ሜድ ኢን ለንደን የሚለው በክብ ተጽፎ ኢንግላንድ ከሥሩ የቆመበት የኋለኛው ነው።

ሳሲየኒ በነጥብ ይቆጠራል። ጆኤል ሳሲየኒ ከዳንሂል ወጥቶ የራሱን ቤት የከፈተው በ1919 ነው። መምጠጫው ላይ በዳይመንድ ቅርጽ የተደረደሩ አራት ፈዛዛ ሰማያዊ ነጥቦች የከፍተኛው ደረጃ ምልክት ናቸው፤ ሁለትና አንድ ነጥብ ዝቅ ያሉት። ስምንት ነጥብ የ1920ዎቹ ብርቅ ነው። ወጥመድ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋናው ምልክት ራሱ አንድ ነጥብ ስለነበር በጣም የቆየ ባለ አንድ ነጥብ በነጥቡ ብቻ ሁለተኛ ዕቃ ነው አይባልም። ስሙ በጌጠኛ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ የመጨረሻው ፊደል እንደ ዓሣ ጅራት ከተዘረጋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው። አሽፎርድ፣ አፕልቢ የመሳሰሉ የእንግሊዝ ከተማ ስሞች አብረው ሲመቱ ቅርጹን ይጠራሉ እንጂ የተሠራበትን ቦታ አይናገሩም። ቤተሰቡ ቤቱን በ1979 ሸጧል፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ከዚያ የቀደመውን ነው።

ቻራታን ከ1863 ጀምሮ የነበረ ሲሆን መሰላሉ ረጅም ነው፦ ከታች ቤልቬደር፣ ኤግዘኪውቲቭ፣ ሰሌክትድ፣ ወደ ላይ ሱፕሪም፣ ኮሮኔሽን፣ ሮያል አቺቭመንት፣ ክራውን አቺቭመንት፣ ከሁሉ በላይ ሱማ ኩም ላውዴ። በክብ ውስጥ ያለ ኤል ፊደል ፒፓው በአሜሪካዊው አስመጪ ሌን በኩል ያለፈ መሆኑን ይናገራል፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ንክሻው ላይ ሁለት እርከን ያለው ደብል ኮምፈርት የሚባለው መምጠጫ የዚሁ ዘመን ምልክት ነው። አንዳንዱ ይወደዋል፣ ለአንዳንዱ አፍ ይሞላበታል።

ባርሊንግ ከ1812 ጀምሮ የብር አንጥረኛ ቤት ነበር። በማህተሙ ላይ ያሉት ኤስኤስ፣ ኤስ፣ ኤስኤም፣ ኤል፣ ኢኤል፣ ኢኤክስኢኤል የመጠን ፊደሎች ናቸው። የውበቱ ጫፍ ቲቪኤፍ ነው፤ ትርጉሙም «እጅግ ምርጡ»። በ1960 ቤተሰቡ ቤቱን ሸጠ፤ ሰብሳቢዎችም ጊዜውን «ከሽግግር በፊት» እና «ከሽግግር በኋላ» ብለው ይከፍሉታል። ከፊቱ ያሉት ላይ «ባርሊንግስ ሜክ» በትልልቅ ፊደል ቅስት ሠርቶ ይመታል፤ ባለ አራት አኃዝ የቅርጽ ቁጥርና የእጅ ጽሕፈት የሚመስል ስም ሲታይ ከኋላው ነው። የዋጋው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ እዚህ ላይ ቸኩሎ መግዛት አይገባም።

ጂቢዲ በ1850 ፓሪስ ተመሥርቶ በኋላ ለንደንም የሠራ ቤት ነው። መምጠጫው ላይ ሞላላ የናስ ሳንቲም ተቀብሮ ከተገኘ የጥንቱ ነው፤ ምልክቱ በቀለም ብቻ ከታተመ የኋለኛው። ፒተርሰንን ከእንግሊዝ ፒፓ ጋር የሚደባልቁ ሻጮች አሉ፤ ፒተርሰን የዳብሊን፣ የአየርላንድ ነው።

የብር ቀለበት ካለው

አንገቱ ላይ የብር ቀለበት ያለው ፒፓ የልደት ሰርተፊኬቱን ይዞ ይዞራል። ብሩ ላይ የተመታ የሚራመድ አንበሳ ብሩ 925 ከሺህ ንጹህ መሆኑን ያረጋግጣል። የነብር ራስ ለንደን፣ መልሕቅ በርሚንግሃም ነው። የቼስተር ከተማ የብር መመርመሪያ ቤት በ1962 ስለተዘጋ የእሱ ማህተም ያለበት ከዚያ ወዲህ ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ ያለው አንድ ፊደል ዓመቱ ነው፤ ግን ፊደሉ ብቻውን አይበቃም፤ የፊደሉ አጻጻፍና የጋሻው ቅርጽ ተይዞ ከዚያው ከተማ ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል።

ይህ ሁሉ የሚናገረው ስለ ቀለበቱ ነው። የተሰነጠቀ አንገት በቀለበት ይታሰራልና፣ ቀለበቱ የማህተሙን ፊደል ቆርጦ ከሸፈነ ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። መምጠጫውን አውጥተው የአንገቱን አፍ በባትሪ ይዩ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከሴቴው ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ስንጥቅ ነው።

ከመክፈል በፊት

ደረጃው ከፍ ያለ ሆኖ ማህተሙ የተፋቀ ፒፓ፣ ማህተሙ ጥርት ካለ መካከለኛ ደረጃ ያንሳል። ይህን የሚክድ ሻጭ ብቻ ነው። በማሽን የተወለወለ ማህተም በማጉያ ሲታይ የፊደሎቹ ጠርዝ ይሟሟል፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ውስጡ ቀለም ተጠራቅሞ ይቀራል። ጤናማ ማህተም ጠርዙ የሰላ፣ ጥልቀቱ እኩል ነው።

ቀጥሎ መምጠጫው። የፋብሪካው ከሆነ አንገቱና መምጠጫው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጥፍር ሲሄድ አይደናቀፍም። ጥፍሩን የሚያቆም እርከን ካለ፣ ወይም የቤቱ ምልክት ከሌለ፣ ተተክቷል ማለት ነው። የንክሻ ቀዳዳና ጥልቅ የጥርስ ጠባሳ ዋጋ ይቀንሳል፤ የመምጠጫው መተካት ግን ከሁለቱም ይብሳል።

ከዚያ ራሱ። በካሊፐር የግድግዳውን ውፍረት ከንፈሩ ላይ በአራት አቅጣጫ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አንድ ሰው በቢላ ፍቆታል። ከንፈሩ እንደ ምላጭ ጠፍጣፋ፣ ቀለሙም ከጎኑ የፈዘዘ ከሆነ የተቃጠለው ጠርዝ ተከርክሞ ራሱ አጥሯል። ውስጡን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫን ጫን ይበሉ፤ የሚሰምጥ ቦታ ካለ እንጨቱ ከስሏል። በውጭ በኩል ሲጠረግ የማይለቅ ጥቁር ነጠብጣብ የዚሁ ምልክት ነው። በመጨረሻ መጥረጊያ ሽቦ በንክሻው በኩል ይስደዱ። ቀጥ ባለ ፒፓ ሳይደናቀፍ ትንባሆ እስከሚሞላበት ጉድጓድ ታች መውጣት አለበት፤ ቀዳዳው ከታቹ 3 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ከተቦረቦረ ሥሩ ላይ እርጥበት ይጠራቀማል።

በኢንተርኔት ሲገዛ ቢያንስ እነዚህ ፎቶዎች ይጠየቁ፦ ማህተሙ በሁለቱም ጎንና በታች፣ ከንፈሩ ከላይ፣ መምጠጫው ወጥቶ ወንዴውና ሴቴው፣ ንክሻው ከላይና ከታች። ማህተሙን ብቻ ፎቶ ለማንሳት የሚያቅማማ ሻጭ ካጋጠመ መልሱ ተገኝቷል።

አጸዳድ፣ ማህተሙን ሳይገድሉ

መምጠጫ የሚወጣው ፒፓው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። አንገቱን አጥብቀው ይዘው፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ይሳቡ። ካልወጣ ሙሉ ፒፓውን በከረጢት ከተው ፍሪዘር ውስጥ 20 ደቂቃ ያስቀምጡና እንደገና ይሞክሩ፤ ወንዴው ከእንጨቱ ቀድሞ ስለሚኮማተር ይላቀቃል። በጉልበት የሚታገሉት ከሆነ ወንዴው ሴቴው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

የጉድጓዱ ውስጥ የከሰል ቅርፊት ወደ 1 ሚሊሜትር እስኪቀር ድረስ በመፋቂያ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ለሽታና ለዝፍጥ ጥጥ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይጠቀጥቁ ይሙሉ፣ አንገቱ ውስጥም የተጠቀለለ ጥጥ ያስገቡ፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል በጠብታ ጥጡ እስኪርስ ይጨምሩና ፒፓውን አጋድመው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይተዉት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገማል። ጨው የሚጠቀሙ አሉ፤ አንገቱ ውስጥ የቀረ ጨው ግን እርጥበት ስለሚስብ ሴቴውን የመሰንጠቅ አደጋ አለው፤ ጥጥ ይሻላል። አልኮል በውጭው ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ያነሳል፤ ወዲያው ይጠረግ።

መምጠጫው ቮልካናይት ነው፤ በድኝ የጠነከረ ጎማ። ብርሃንና አየር ሲያገኘው አረንጓዴያማ ቡናማ ይሆናል፣ ሲታሽም ድኝ ድኝ ይሸታል። በበረኪና መንከር ፈጣን ነው፤ ግን ላዩን ይበላዋል፣ ነጥቡንና ፊደሉን ያደበዝዛል። የሚያዋጣው ውኃ እየነኩ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው፦ 600፣ 1000፣ 2000 በተራ፣ እያንዳንዱ የቀደመውን ጭረት እስኪያጠፋ። የቤቱ ምልክት ላይ ወረቀቱ አይደርስም፤ ዙሪያውን በጣት ጥፍር በተጠቀለለ ቁራጭ ይሥሩ። አንገቱ አጠገብ ሲደርሱም መምጠጫውን ካልገጠሙ ጠርዙ ይድቦለቦላል፣ ያ ከላይ የተባለው የጥፍር ፈተና ይወድቃል። ላይ ላዩን ያለ የጥርስ ምልክት የላይተር ነበልባል ሳያቆሙ በላዩ ወዲያ ወዲህ ሲያልፍ ራሱ ያብጥና ይነሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ይፈላል።

ለስላሳውን እንጨት በቀጭን የካርኑባ ሰም ይወልውሉ፤ ማህተሙ ላይ ማሽን ፈጽሞ አያድርሱ፣ በእጅና በጨርቅ ይበቃል። በአሸዋ በተነፋው ላይ ጠንካራ ሰም ሸንተረሩ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ስለሚደርቅ፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አንስተው ጥቂት ማዕድን ዘይት በጨርቅ አሻሽተው ትርፉን ይጥረጉ።

ስብስቡ አንድ ፈር እንዲኖረው አንድ ቤት፣ ወይም አንድ ቅርጽ፣ ወይም አንድ ዘመን ይምረጡ፤ የ1960ዎቹን ሼል በየመጠኑ መደርደር ያለ ዕቅድ ከተገዙ 30 ፒፓዎች የበለጠ ያስተምራል። ለእያንዳንዱ ካርድ ይኑረው፦ ማህተሙ ቃል በቃል፣ በየትኛው ጎን እንደተመታ፣ ርዝመት በሚሊሜትር፣ ክብደት በግራም፣ የጉድጓዱ ስፋትና ጥልቀት፣ የተደረገለት ጥገና። የጉድጓድ ስፋት ብዙ ጊዜ ከ19 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ በግልጽ የሰፋ ካገኙ ሠሪው እንዲያ ሠርቶት ነው ወይስ በመፋቅ ሰፋ ብለው የግድግዳውን ልኬት ያመሳክሩ። ማስቀመጫው ጨለማና ደረቅ ይሁን፤ በመስኮት አጠገብ የተደረደረ ቮልካናይት በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ይቡናማል።